የቄስ የሕይወት ታሪክ በለቅሶ ሌሊት አይጻፍም

በቤታችሁ ጡረታ የወጡ ቄስ፣ ወንጌላዊ ወይም የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ካሉ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። አያቴ በኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዕድሜ ልካቸውን ያገለገሉ ቄስ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም ዘጠና ሊሞሉ ትንሽ ሲቀራቸው ዐረፉ። በቀብራቸው ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ከለቅሶው በኋላ ብዙ ሰው እየደወለ «እኛም ቤት ሽማግሌ አሉ፣ ከየት እንጀምር?» ስላለኝ የሠራነውን እንደሠራነው ልንገራችሁ።

የቀብር ላይ የሕይወት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ እንዴት እንደሚጻፍ ሁላችንም እናውቃለን። ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ እኩለ ሌሊት ሲሆን አንዱ «የሕይወት ታሪኩንስ ማን ይጻፈው?» ይላል። ጽሑፍ ይችላል የተባለ የእህት ልጅ ጥግ ይዞ ስልኩን ይከፍታል። በተወለዱበት ዓመት ላይ ሦስት ሰው ሦስት ነገር ይናገራል። ስንት ልጅ ወለዱ በሚለው እንኳ ክርክር ይነሳል፣ በሕፃንነቱ የሞተው ይቆጠር አይቆጠር እየተባለ። ጠዋት የሚነበበው «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» የሚለው ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ሰው አክባሪ፣ ለተቸገረ ደራሽ» ይመጣል። ስሙን ብትለውጡት ለጎረቤትም ይሆናል። ሟቹ ቄስ ሲሆኑ ይብስበታል፤ ያገለገሉባቸው ማኅበረ ምዕመናን ስም ይዘረዘርና ሰውየው በዝርዝሩ ውስጥ ይጠፋሉ።

እኛ የጀመርነው አባባ የምንላቸው የአያቴ ጆሮ እየደከመ በመጣ ጊዜ ነው። ሐሳቡን ሳነሳ አጎቴ «ምን ታሟርቺባቸዋለሽ?» ብሎ ተቆጣ። ይህ በሁሉም ቤት የሚመጣ ነገር ነውና ተዘጋጁበት። ሽማግሌን ስለ ሕይወቱ መጠየቅ ሞቱን እንደ መጥራት የሚቆጥር ሰው አይጠፋም። አባባ ራሳቸው ግን ሳቁ፤ «እኔ ስንቱን ቀብሬ ነው ቀብር የምፈራው?» አሉ። በእናንተ ቤት ሰውየው ራሳቸው ቅር የሚላቸው ከሆነ «ውጭ ላሉት የልጅ ልጆች ነው» በሉ። ውሸትም አይደለም። ከወለጋ ወጥተው ሚኒሶታ የሰፈሩ ዘመዶቻችን ልጆች አባባን በቪዲዮ ጥሪ እንጂ በአካል አያውቋቸውም፣ ጥያቄ ልከው አስጠይቀውኛልም።

ጆሯቸው ስለማይሰማ ጥያቄዎቹን በወፍራም እስክሪብቶ በትልቁ ወረቀት ላይ እየጻፍኩ አሳያቸው ነበር። ወረቀቱን አንስተው ጮክ ብለው ያነቡታል፣ ከዚያ ይመልሳሉ። ይህ ያልታሰበ ጥቅም ነበረው፤ ቅጂው ላይ ጥያቄውም በራሳቸው ድምፅ ገብቷል፣ የኔ መሀል ገብቶ ማቋረጥ ደግሞ የለም። ስልኩን ከጎናቸው ትራስ ላይ አስቀምጡት። ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የሲኒውን ኳኳታ ሁሉ ይቀዳል። ሰዓቱ ከጠዋት ቡና በኋላ ይሁን። ከምሳ በኋላ አባባ እንቅልፋቸው ይመጣል፤ ሲደክማቸው ደግሞ ሁሉንም ነገር በ«ጌታ ይመስገን» ይዘጉታል።

የመጀመሪያው ጥያቄዬ «አባባ፣ ስለ እምነትዎ ይንገሩኝ» የሚል ነበር። ስብከት ሰበኩልኝ። ጥሩ ስብከት ነበር፣ በጸጋ ብቻ፣ በእምነት ብቻ የሚለውን ከሮሜ እያጣቀሱ። ግን ያንን ስብከት እሑድ እሑድ ስሰማው ነው ያደግኩት፣ እሳቸው ራሳቸው ውስጡ የሉም። ቄስን ስለ እምነት ብትጠይቁት መድረክ ላይ ይወጣል፤ ሙያው ነው። ስለዚህ ወረቀቱን ለወጥኩና «ወንጌላዊ ሳሉ በምን ነበር የሚሄዱት?» ብዬ ጻፍኩ። «በበቅሎ» አሉ። «ስሟ ማን ነበር?» አልኩ። «ዳማ።» ወዲያው ባለቤታቸው እማማ ከጓዳ ሆነው «ዳማ ፈረሱ ነው! በቅሎዋ ስም አልነበራትም!» አሉ። አባባ አልሰሙም፣ ስለ ዳማ ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ ሁሌም እንዲሁ ሆነ፤ እሳቸው ይተርካሉ፣ እማማ ከጓዳ ያርማሉ፣ ስልኩ ሁለቱንም ይቀዳል። ጥንዶቹ በሕይወት ካሉ ሁለቱን አንድ ላይ ያዙ። አንዱ ብቻውን የሚናገረው ሕይወት ሁልጊዜ የተስተካከለ ነው።

ከበቅሎዋ ተነስተን የደረስንበት ቦታ ሩቅ ነበር። በክረምት ወንዝ ሲሞላ የእንስሳዋን ጭራ ይዘው ይሻገሩ ነበር፤ መጽሐፍ ቅዱሱ በፍየል ቆዳ ተጠቅልሎ ራሳቸው ላይ ይታሰራል። ከጊምቢ ወዲያ ባሉት መንደሮች ሲደርሱ ማን እንደሚያሳድራቸው፣ ማን ውሻ እንደሚለቅባቸው በስም ያስታውሳሉ። «የጀርመኖች ሃይማኖት መጣ» እያለ የሚሰድባቸው አንድ ባላባት ነበር። ሰውየው ሲታመም አባባ ሄደው ጠየቁት፤ አልተቀየረም፣ ግን ከዚያ በኋላ ውሻውን ያስር ነበር። ይህን ሲነግሩኝ ባላባቱ አምኖ ተጠመቀ ብለው ይጨርሱታል ብዬ ጠብቄ ነበር። «አይ፣ ውሻውን ማሰሩ ብቻ ነው» አሉ። እኔ አባባን ከብዙ ስብከታቸው ይልቅ እዚህ ላይ አወቅኋቸው።

ቅዱስ ቃሉ በየትኛው ቋንቋ ይነበብ እንደነበር መጠየቅንም አትርሱ፣ ከወለጋ ለሆነ ሰው በተለይ። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆነው ያዘጋጁት የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1899 ታትሟል፣ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። የአባባ አባት አንድ ቅጂ ነበራቸው። በንጉሡ ዘመን ግን በኦሮምኛ ማተምና ማስተማር ስለተከለከለ አባባ ንባቡን በአማርኛ ያነቡና ትርጓሜውን በቃል በኦሮምኛ ይናገሩ ነበር። በመድረክ ላይ በሁለት ቋንቋ መኖር ለሳቸው ተራ ነገር ሆኖ ስለቆየ እኔ ካልጠየቅኩ አያነሱትም ነበር። ሲተርኩም እንደዚያው ናቸው፤ ነገሩ ሲጠልቅ ሳያውቁት ወደ ኦሮምኛ ይገባሉ። አታቋርጡ። የማይገባችሁን በኋላ አስተርጉሙት። «በአማርኛ ይንገሩኝ» ያላችሁ ቀን ተረቱን እንጂ ትዝታውን አታገኙም።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልምጣ፣ ወደ ዓመተ ምሕረት። የአባባ የቀበሌ መታወቂያ የተወለዱት በ1932 ነው ይላል። የሴሚናሪ ወረቀታቸው 1934 ይላል። አጎቴ ወረቀቱ ይበልጣል ብሎ 1934 ሊያስጽፍ ነበር፣ ይህም የአያቴን ዕድሜ በሰባት ዓመት ያሳንሰዋል። ወረቀቱን የጻፉት ሚስዮናውያን ናቸው፣ ቁጥሩም የአውሮፓ ነው። የድሮ የቤተ ክርስቲያን ወረቀት ሲገጥማችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን፦ ማን ጻፈው? የቅስና ሹመት ምስክር ወረቀት፣ ከሚስዮን ትምህርት ቤት የተገኘ ማስረጃ፣ ከፎቶ ጀርባ የተጻፈ ቀን፣ አብዛኛው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ገደማ ከሆነ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ከሆነ 8 ትቀንሳላችሁ። ወሩ ካልታወቀ «ገደማ» ብሎ መጻፍ ምንም ነውር የለበትም።

ወረቀት ለሌለው ዘመን ደግሞ ሕዝብ የሚያውቀውን ክስተት ማስያዣ አድርጉ። የአባባ እናት «ጣልያን ወለጋ ሲገባ ጡት አልጣልክም ነበር» ይሏቸው ነበር። ጣልያን ወለጋ የገባው በ1929 መጀመሪያ ነው፤ ስለዚህ 1927 ልክ ይመጣል፣ ከሴሚናሪው ወረቀትም ጋር ይገጥማል። እኛ የተጠቀምንባቸው ማስያዣዎች የንጉሡ መመለስ (1933)፣ የታኅሣሥ ግርግር (1953)፣ አብዮቱ (1966) እና የደርግ መውደቅ (1983) ነበሩ። ለቄስ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ታሪክ ሌላ ማስያዣ ይሰጣል። መካነ ኢየሱስ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመሠረተችው ጥር 13 ቀን 1951 ነው፤ ያኔ አባላቷ 20,000 ያህል ነበሩ፣ ዛሬ ከ10 ሚሊዮን በላይ ናቸው። «መካነ ኢየሱስ ስትመሠረት ምን ይሠሩ ነበር?» ብዬ ስጽፍላቸው «ወንጌላዊ ነበርኩ፣ ደመወዜ ሲደርስ ይደርሳል፣ ሳይደርስ ይቀራል» አሉ። ከዚያ የአዲስ አበባው ሴሚናሪ ተከፈተ፣ በፈረንጅ 1960፤ እሳቸው ትንሽ ቆይተው ገቡ። ቅስና የተቀበሉት በኛ 1960 ነው። ሁለቱ 1960ዎች አንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ የሚፈጥሩትን ግራ መጋባት ገምቱት።

በመዝገብ በኩል የማኅበረ ምዕመናኑ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገብ ካለ ወርቅ ነው። በብዙ የምዕራብ ወለጋ አጥቢያዎች ግን ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ መዝገቡም አብሮ ጠፍቷል። ለእኛ የበለጠ የጠቀመን ያልጠበቅነው ነገር ነው፦ የአባባ መጽሐፍ ቅዱስ። በ1954 የታተመው አማርኛ ነው፣ ጀርባው በቴፕ ተጠግኖ ተጠግኖ የራሱ ቆዳ አይታይም። ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ቀንና ቦታ ተጽፏል፤ የሰበኩበት ክፍል ሁሉ። በዚያ ብቻ ተነስተን የትኛው ዓመት የት አጥቢያ እንደነበሩ አስተካክለን ጻፍነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ያለው ክፍል ላይ የቦታ ስም የለም። ቀን ብቻ፣ አንዳንዴ ከጎኑ «ቡና ሥር»።

ይህ ዘመን ለቤተ ክርስቲያኒቱ ምን እንደነበር ለወጣቶቹ ላስታውስ። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሐምሌ 21 ቀን 1971 አዲስ አበባ ኡራኤል አካባቢ ካለው መካነ ኢየሱስ አገልግለው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። አጽማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ቀደም ብሎ ከአገር እንዲወጡ መንገድ ተመቻችቶላቸው አልሄድም ብለው ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ታሰሩ። አባባ ነቀምቴ በነበሩበት ጊዜ የቄስ ጉዲናን ስብከት ሰምተዋል፤ ከሁሉ የሚያስታውሱት ድምፃቸውን ነው፣ «ያለ ማይክ ውጭ ድረስ ይሰማል» ይላሉ። በወለጋ ከዚያ በኋላ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተዘጉ። የአባባ ቤተ ክርስቲያን በሩ ታሽጎ የገበሬ ማኅበር የእህል መጋዘን ሆነ። ማኅበረ ምዕመናኑ በየቤቱና በየቡና ተክሉ ሥር መገናኘት ጀመረ። አባባ ታሰሩ።

ስለ እስር ቤት መጠየቅ የራሱ ጥበብ ይፈልጋል። ወረቀት ላይ «እስር ቤት ምን አደረጉብዎት?» ብላችሁ አትጻፉ። እኔ «ምን ይበሉ ነበር?» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ቂጣ ነገሩኝ፣ ስለ ቅማል ነገሩኝ፣ በቅማሉ ሳቁ። ከዚያ በጣም የሚገርመኝን ነገር ነገሩኝ። በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታውጆ ነበርና እስር ቤቱም እስረኞቹን እንዲያስተምር ይጠበቅበታል። አስተማሪ ማን ነው? አባባ በየመንደሩ በቤተ ክርስቲያኒቱ የየምሥራች ድምፅ የፊደል ትምህርት ዘመቻ ውስጥ ለብዙ ዘመን አስተምረዋል። ስለዚህ ወንጌል አስተማርክ ብለው ያሰሯቸው ሰዎች ፊደል እንዲያስተምሩ ሾሟቸው። ጠመኔ ሰጧቸው። «ሀ ሁ ያለ ሁሉ ወንጌሉን ራሱ ያነበዋል ብዬ በደስታ አስተማርኩ» አሉ። የቀረውን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጎተጎትኩም። የጎደለውን ከሳቸው ጋር ከታሰሩ ሰዎች አንዱ ሞልቶልናል። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ለቀብር የሚነበብ አይደለም፣ ለቤተሰብ ብቻ ተቀምጧል።

የጸሎት ደብተራቸውን ያገኘነው ካረፉ በኋላ ነው። የተማሪ ደብተር ነው፤ ለእያንዳንዱ የሳምንት ቀን ገጽ አለው፣ በየገጹ ስም ተደርድሯል። ሰው ሲሞት ስሙን በአንድ መስመር ይሰርዙና ከኋላ «ምስጋና» በሚል ገጽ ላይ ይጽፉታል። ልማዱ የሉተራን ነው፤ ለሞተ ሰው ከመለመን ይልቅ ስለ እርሱ ማመስገን። ሐሙስ ገጽ ላይ ማንም የቤተሰብ አባል የማያውቀው ስም ነበር። የአገር ቤት ሽማግሌ ስንጠይቅ ቤተ ክርስቲያኑን ያሸገው ካድሬ ሆኖ ተገኘ። ስሙ አልተሰረዘም። ያንን ሌሊት በቤታችን ክርክር ሆነ፤ አንዱ አጎቴ ይነበብ አለ፣ «ሕዝብ የአባታችንን ልብ ይወቅ» ብሎ። እማማ አይሆንም አሉ፤ የሰውየው ልጆች እዚያው አገር አሉ፣ አንዷ በመዘምራን ውስጥ ትዘምራለች። አልተነበበም። ቀብር ላይ ስም ከመጥራታችሁ በፊት የዚያ ሰው ልጆች የት እንደሚቆሙ አስቡ።

የቄስ ሚስት በሕይወት ታሪክ ውስጥ የምታገኘው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ «ከባለቤታቸው ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተወስነው ይህን ያህል ልጆች አፍርተዋል» የሚለው። አባባ በታሰሩበት ዘመን ቅቤና ቡና ነግደው ልጆቹን ያሳደጉት፣ ስንቅ ተሸክመው የሚመላለሱት፣ ምዕመናኑን የሚያጽናኑት እማማ ናቸው። ስጠይቃቸው «እኔ ምን ታሪክ አለኝ?» አሉ። ስለዚህ ታሪክ አልጠየቅኳቸውም፣ ዋጋ ጠየቅኳቸው፦ ያኔ ቅቤ ስንት ነበር? ለስንቁ ምን ትሸጡ ነበር? ለጥበቃው ምን ይሰጣል? ሁሉንም እስከ ስሙኒዋ ያውቃሉ።

ሳይጠየቅ የማይነገር አንድ ነገር ከሁሉ ከብዶኝ ነበር። አባባና እማማ አንዲት ሴት ልጅ በኩፍኝ ሞታባቸዋለች፣ አባባ ለአገልግሎት ሩቅ መንደር ሄደው ሳለ። ሲመለሱ ተቀብራ ጠበቀቻቸው። ወረቀት ላይ የእሷን ስም ብቻ ጻፍኩና አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «ያን ሰሞን አልጸለይኩም» አሉ። «አልቻልኩም። እሑድ ሰበክሁ፣ ቤት ገብቼ ግን አልጸለይኩም። እማማሽ ጸለየችልኝ፣ እኔ አሜን አልኩ።» ይህንን የሕይወት ታሪኩ ውስጥ እናስገባ አናስገባ ተባለ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቅር ይላቸዋል የሚል ሥጋት ነበር። አስገባነው፣ እሳቸው በሕይወት ሳሉ አንብቤላቸው «ይሁን» ስላሉ። በቀብሩ ዕለት ከተነበበው ሁሉ ሰዎች በኋላ ወደ እኔ እየመጡ ያነሱት ይህንን ነው፣ በተለይ ልጅ የቀበሩ እናቶች። የተጻፈውን ለባለቤቱ አስነብቡ የምለው ለዚህ ነው። ፈቃዱም ይገኛል፣ እርማቱም ይመጣል፤ አባባ «ታላቅ የእምነት አርበኛ» የሚለውን በእጃቸው ሰርዘውታል።

ጡረታውን አትዝለሉት። አባባ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በጡረታ ኖረዋል፤ የሕይወት ታሪክ ላይ ግን ይህ ዘመን «በጡረታ ሲተዳደሩ ቆይተው» ተብሎ ያልፋል። አዲስ አበባ ልጆቻቸው ጋር መጥተው የኖሩት ብስራተ ወንጌል ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከሬዲዮ ጣቢያው ነው፤ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በፈረንጅ 1963 ሥርጭት ያስጀመረው፣ ደርግ በኛ 1969 የወረሰው። ወለጋ ሳሉ በባትሪ ሬዲዮ ይሰሙት የነበረውን ጣቢያ ሰፈር እርጅና አመጣቸው። እዚያ የእድሩ አስታራቂ ሆኑ። ባልና ሚስት ሲጣሉ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም «ቄሱን ጥሩልን» ይላል። የታመመ ሲጠይቁ መጀመሪያ ምን በልቷል ብለው ነው የሚጠይቁት፣ ጸሎቱ በኋላ ነው፣ ያውም አጭር። «የታመመ ሰው ረጅም ጸሎት አይችልም» ይላሉ። ጊታርና ጭብጨባ ወደ መካነ ኢየሱስ ሲገባ ከእኩዮቻቸው ብዙዎቹ አኩርፈዋል። አባባ «ጊታሩ ይግባ፣ ካቴኪዝሙ ግን አይውጣ» ነበር የሚሉት፤ ካቴኪዝም በጥያቄና መልስ የተዘጋጀ የእምነት ትምህርት ነው። የልጅ ልጆች ቤታቸው ስንሰበሰብ ከእራት በፊት ከትንሹ ካቴኪዝም አንዱን ትእዛዝ ያነሱና ሉተር እንዳለው «ይህ ምን ማለት ነው?» ይላሉ። በራሳችን ቃል እስክንመልስ ወጥ አይወጣም። ወጡ ሲበርድ የሚናደዱት እማማ ናቸው።

ስለ ቀብሩ ዕለት ሥራ ጥቂት ልበል። ሁለት ጽሑፍ አዘጋጁ፤ አንድ በቀብር የሚነበብ፣ ቆመው ለሚሰሙ ሰዎች የሚበቃ አጭር፣ ሌላ ለቤተሰቡና ለቤተ ክርስቲያኑ የሚቀር ረጅም። አጭሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡና ሰዓት ያዙ፤ ከሰባት ስምንት ደቂቃ በላይ ከሄደ ሰው ፀሐይ ላይ ነው። አንባቢው የሚያለቅስ ሰው አይሁን፤ እኛ ያነበበልን የማኅበረ ምዕመናኑ ጸሐፊ ነው። የአገር ቤት ስሞችን አስቀድሞ አለማምዱት፣ የመንደር ስም ሲሳሳት ከዚያ አገር የመጣ ሰው ልቡ ይሰበራል። መንገዱ አስተማማኝ ስላልነበረ አባባን አገራቸው መውሰድ አልቻልንም። ስለዚህ የትውልድ መንደራቸውን ስም ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ አደረግነው።

ተናጋሪ ሲመረጥ ሁሉም ከቤተ ክርስቲያን እንዳይሆን ተከራከሩ። በእኛ ቀብር ከተናገሩት ሁሉ በጣም የተሰማው የሰፈሩ ሱቅ ባለቤት ነው፣ ሙስሊም ነው። አባባ በየወሩ የጡረታ ገንዘባቸውን እንደተቀበሉ መጀመሪያ የሚሄዱት እሱ ሱቅ እንደሆነ፣ የሚከፍሉትም የራሳቸውን ዱቤ ብቻ ሳይሆን የአንዲት ጎረቤት ሴትን ጭምር እንደነበር ተናገረ። ሴትየዋ እዚያው ቆማ ነበር፣ እሷም እስከዚያ ቀን አታውቅም።

ለጥቅሱ ደግሞ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የቄስ ፎቶ ያለበት ባነር ላይ ሁልጊዜ የሚጻፈው «መልካሙን ገድል ተጋድያለሁ» ነው። መልካም ቃል ነው፣ ግን አታሚው ራሱ ሳይነገረው ይጽፈዋል። አባባ የመረጡት ሉቃስ 17፥10ን ነው፦ «የማንጠቅም ባሪያዎች ነን፥ ልናደርገው የሚገባንን አድርገናል።» አታሚው ደውሎ «እርግጠኛ ናችሁ? ለሟች ይከብዳል» አለ። እሳቸው በእርሳስ የጻፉትን ወረቀት ፎቶ አንስተን ላክንለት።

ረጅሙን ጽሑፍ በኮፒ ቤት አሳትመን አንዱን ለማኅበረ ምዕመናኑ፣ አንዱን ለሲኖዶሱ ጽሕፈት ቤት፣ አንዱን ለሴሚናሪው ቤተ መጻሕፍት ሰጠን። የድምፅ ቅጂዎቹ አንድ ስልክ ላይ ብቻ እንዳይቀሩ በፍላሽም በቴሌግራምም ለሚኒሶታዎቹ ልከናል፤ ስልክ ይሰረቃል፣ ይወድቃል፣ ልጅ ያጠፋዋል። የፋይሎቹን ስም «ድምፅ 001» ብላችሁ አትተዉት፤ ቀኑንና ጉዳዩን ጻፉበት። የኦሮምኛውን ክፍል የአጎቴ ልጅ በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ እየገለበጠችው ነው። እሷ የተማረችው በቁቤ ስለሆነ የአባባን አባት መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ማንበብ አትችልም፣ ስለዚህ ከማኅበረ ምዕመናኑ አንድ ሽማግሌ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ያነቡላታል። እሷ ደግሞ ሽማግሌውን ስለ ራሳቸው ሕይወት መጠየቅ ጀምራለች፣ ከበቅሎ ተነስታ።